ነጥብ የመጣለት

ያኔ የማትሪክ ውጤት ሲመጣ ሰፈር ይናወጥ ነበር! ደስታው የተማሪው ብቻ አይደለም፤ የእድርተኛውም፣ ዱቤ የሰጠችው ባለሱቅም ጭምር ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሽሮ ሜዳ ላይ አንድ የሸማኔ ልጅ «ነጥብ መጣለት» ከተባለ እልልታው ይቀልጣል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ሳይቀሩ ቆም ብለው «ማን ተዳረ?» ይላሉ።

እኔ ያጠናሁት ከአባዬ አጠገብ ነው። እሱ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲያመላልስ፣ እኔ ማግ እያጠነጠንኩ ፒሪዮዲክ ቴብል እሸመድዳለሁ። «ሶዲየም!» ስል «ማጉ ላላብህ!» ይለኛል። እስከ ዛሬ ሶዲየም ሲባል ጥጥ ጥጥ ይሸተኛል።

ነጥብ መጣልኝና ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ወረድኩ። ግቢው ገነተ ልዑል እኮ የንጉሥ ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲመሠረት ለተማሪ ተሰጠ። የሸማኔ ልጅ ቤተ መንግሥት ገባ! መኝታው በነፃ፣ ምግቡ በነፃ፤ ወጪ መጋራት የሚባለው ገና በ1996 ነው የመጣው። ሌሊት እዚያው አጠገብ አንበሳ ግቢ የነበሩት አንበሶች ሲያገሱ ከክፍለ ሀገር የመጡ ፍሬሾች ብርድ ልብስ ውስጥ ይሸጎጣሉ። እኛ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ «ዛሬ እራት አልደረሳቸውም መሰለኝ» እያልን እናስፈራራቸዋለን።

ፈተናው ለሁሉም እኩል ነው ይባል ነበር። ወረቀቱስ እኩል ነው! መብራቱና አስጠኚው ግን ለየቅል። በኩራዝ አጥንቶ በጄኔሬተር ካጠናው ጋር የተፎካከረ ጓደኛ ነበረኝ፤ በለጠው፤ ግን ያ ጀግንነት ለምን ግዴታው ሆነ?

አሁን እልልታው ስልክ ውስጥ ገብቷል። የ2014ቱ ተፈታኞች ግን እኛ ያላየነውን አዩ፦ ፈተና እንዳይሰረቅ ተብሎ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ። ካምፓሱን መጀመሪያ አዩት፣ ውጤቱ ኋላ መጣ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ! የእህቴ ልጅ ከቀሩት ወገን ነበረች፤ ሁለት ቀን አኮረፈች። ከዚያ የማካካሻው ትምህርት፣ ሪሚዲያል፣ ደረሳትና ሻንጣዋን አንጠልጥላ ክፍለ ሀገር ገባች። በመጀመሪያው ሌሊት ደወለችልኝ፤ ሳቋ ከቃሏ ይቀድማል፦

«ጋሼ፣ ያንተ አንበሳ ምን አላት! እዚህ ጅቡ ከዶርሜ በር ላይ ነው የሚጮኸው!»