ሮማን ወይስ ፊያሜታ?

«ኦሮማይ»ን ያነበቡ ሰዎች ሲገናኙ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ደባርቅ ውስጥም ቡና ላይ ስናነሳው ፊያሜታ ታሸንፋለች።

እኔ የምለው... ሮማን ምን አጠፋች? የበዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄዳል። እዚያ ፊያሜታ ጊላይን ይወዳል። እኛም አንባቢዎቹ አብረነው አስመራ ስለምንከርም ፊያሜታን እንለምዳታለን። ሮማን ግን ሩቅ ናት። የማንፈርድላት ክፉ ስለሆነች ሳይሆን ብዙ ገጽ ስላልተሰጣት ይመስለኛል።

ኑሮም እንዲሁ ነው። «ልቤ መረጠ» የምንለው ብዙ ጊዜ አጠገባችን ያለውን ነው። ልብ ወለድ ግን መጨረሻ ገጽ አለው፤ እኛ ከመረጥነውም ካልመረጥነውም ጋር ውለን እናድራለን።

«ኦሮማይ» ምንጩ ጣሊያንኛ ነው፤ «ከእንግዲህማ አለቀ» እንደማለት። በዓሉ መጽሐፉን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ደብዛው ጠፋ። እውነቱን ለመጻፍ የመረጠው እሱ ነው። ዋጋውን ግን ቤት ሆነው የጠበቁት ባለቤቱና ልጆቹም ከፈሉ።

ትክክለኛ ምርጫም ቢሆን የሚጠብቅ ሰው አለው። ለሮማን የማደላው ለዚህ ነው። እናንተስ?