ያጠቡት ወተት

ይድረስ ለአደይ፤
መቐለ

እግዚአብሔር ያጽናናዎ። ለቅሶ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ለልጅዎ ሞት የሚመጥን ቃል አጥቼ ዝም አልኩ፤ አሁንም አላገኘሁም። የምጽፈው ታናሽ እህቱ ደውላ ከአርባው ወዲህ እንቅልፍ ማጣትዎን ስለነገረችኝ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አንድ እንግዳ፣ «ድሮ ራያ እያላችሁ ቤታችሁ ለወባ የተረጨው ዲዲቲ ከሰውነት አይወጣም፤ ሊምፎማ የሚባለውን ካንሰር ያመጣበት እሱ ነው፤ በእናት ወተትም ይተላለፋል» ብሎ አስረድቷል አሉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እውቀት ማሳየት ምን የሚሉት ነው!

ሰውዬው ከመሬት ተነስቶ ፈጠረው ብዬ ግን አላታልልዎትም። ዲዲቲ የሰውነት ስብ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቆያል፤ ጅማና አካባቢው ባሉ እናቶች ወተት ተመርምሮም ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ሊንደን የሚባለውን ሌላ ፀረ ተባይ ሊምፎማ ያመጣል ብሎ ቆርጦ ተናግሯል። ዲዲቲን ግን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ጋር ነው የመደበው፤ ከሊምፎማ ጋር የሚያያይዘውን ማስረጃም ውስን ብሎታል። ይህም ቢሆን የብዙ ሰው ሕመም ተሰብስቦ፣ ተነጻጽሮ የሚባል ነገር ነው። ከልጅዎ አንገት ላይ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያየው ሐኪም የበሽታውን ዓይነት ይለያል እንጂ «ይህ ከዲዲቲ የመጣ ነው» የሚያሰኝ ምልክት አያገኝም። ሐኪሞቹ ሊያዩት ያልቻሉትን እንግዳው ድንኳን ውስጥ ሆኖ ከየት አየው?

ከሁሉ የሚያንገበግብዎ ወተቱ መሆኑን አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ኬሚካሉ በወተት እንደሚያልፍ እያወቀ ዛሬም እናቶችን አጥቡ ይላል፤ ጡት ሕፃኑን ከተቅማጥና ከሳንባ ምች የሚያድነው ይበልጣልና። እርስዎም ያጠቡት እንዲያድግ ነው፤ አደገም።

እቃ አውጥተው፣ ግድግዳውን አጋልጠው የወባ ሠራተኞችን ያስገቡትም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 አገራችን በገባው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ርጭቱም ቆላ ለቆላ ዞረ። በዚያ ዘመን በሩን ዘግቶ ረጪዎቹን የመለሰ ሰው ነበር ልጆቹን ለአደጋ የሚሰጥ። የመድኃኒቱን ጦስ መመርመር የመንግሥታትና የፋብሪካዎች ሥራ ነበር፤ እነሱም እ.ኤ.አ. በ2001 ስቶክሆልም ላይ ሲፈራረሙ ዲዲቲን ለወባ መከላከያ ፈቅደውታል። የዓለም መንግሥታት ለወባ ያላገዱትን አንዲት የራያ እናት እንዴት ታግደው?

የሚቆጡበት ነገር ከፈለጉ፣ አደይ፣ እኔም አብሬዎ የምቆጣበት አለ። አንገቱ ላይ ንፍፊት የወጣው ትግራይ በተከበበችበት ጊዜ ነበር። መንገድ፣ ባንክ፣ ስልክ ተዘግቶ፣ አይደር ሆስፒታል ለካንሰር ሕሙማን የሚሰጠው መድኃኒት አልቆበት፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ደመወዝ ሳያገኙ የሚሠሩበት ዘመን። ቶሎ ታክሞ ቢሆን ይድን ነበር ብዬ አልምልም። የጠፋው ጊዜ ግን በእርስዎ እጅ የጠፋ አይደለም።

እህቱ «ደማችንን እንመርመር ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። ለዲዲቲ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ፤ ቢገኝ እንኳ ከሰውነት ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት የለውም። ንፍፊት፣ የማይለቅ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ካያችሁ ግን ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለእህል ተብሎ የተገዛ የድሮ የፀረ ተባይ ዱቄት ጎተራው ሥር ካለም ሳትነኩት፣ ጓሮም ሳትቀብሩት ለግብርና ጽሕፈት ቤት ንገሩ።

ለመንፈቁ እመጣለሁ። ለጠላው የሚሆነውን ጌሾ እኔ ስለማመጣ አይግዙ።

ልጅዎ