የሁለት ቤት አለቃ

በድሬዳዋ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣ ከሥራ መልስ በከዚራ በአንድ ወዳጄ ቤት ተቀምጠን የቆየ የጃፓን ፊልም ተመለከትን። ስሙ «ሺኖቢ ኖ ሞኖ» ይባላል፤ ቶሞዮሺ ሙራያማ ከደረሰው ልብ ወለድ ተወስዶ፣ በሳትሱዎ ያማሞቶ አዘጋጅነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ኒንጃ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በአየር የሚበር፣ በጭስ የሚሰወር ጠንቋይ ነው። በዚህ ፊልም ግን ኒንጃ ማለት በሰው ጣራ ሥር ተደብቆ የሚያድር፣ የጌታውን ትእዛዝ የሚፈጽም ምስኪን ሎሌ ነው።

ታሪኩ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ ኢጋ በሚባል ተራራማ አገር የሚፈጸም ነው። በዚያ የሁለት ባላንጣ አለቆች ሎሌዎች ኃያሉን መስፍን ኦዳ ኖቡናጋን ለመግደል ይሽቀዳደማሉ። ወጣቱ ጎዬሞን ከጌታው ከሳንዳዩ ሚስት ጋር በፈጸመው በደል ተይዞ፣ ሞት ወይም ትእዛዝ ተብሎ ከወንጀል ወደ ወንጀል ይገፋል። ከጣራ ክር አውርዶ በተኛው መስፍን አፍ መርዝ ሲያንጠባጥብ ትንፋሻችንን ውጠን ቆየን፤ መስፍኑ ግን አልሞተም። ከመርዙ ይልቅ ያስደነቀን ሌላ ነው፤ ሁለቱ ባላንጣ አለቆች ለካ አንድ ሰው ኖሯል! ሳንዳዩ መልኩን እየለወጠ ሁለቱንም ቤት ይገዛ ነበር። በታሪክም የኖቡናጋ ጦር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1581 ዓ.ም. ኢጋን ወርሮ አጥፍቷታል።

ወዳጄ ሳቀ፤ እኔን ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበርሁበት መሥሪያ ቤት አለቃዬ ጠርቶ፣ የአንድ ባልደረባዬን ጉድለት እየተከታተልሁ እንድጽፍለት አዘዘኝ። እኔም ዕድገት አገኛለሁ ብዬ ያላየሁትን ጨምሬ ጻፍሁ። ያ ሰው ወደ ሩቅ ወረዳ ተዛወረ። ሊሰናበተኝ በመጣ ጊዜ፣ እርሱም ስለ እኔ እንዲጽፍ ታዝዞ እንደ ነበረ፣ ነገር ግን «የማውቅበት ክፉ ነገር የለም» ብሎ እንደ መለሰ አጫወተኝ። የእኔን ጽሑፍ ግን አልነገርሁትም።

ጎዬሞንን ያስገደደው የሞት ፍርሃት ነው፤ እኔን ምን አስገደደኝ? አለቃን ማማት ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ሁለት ፊት ያለው ጌታ እጁን የሚያውሰው ሎሌ ካላገኘ ብቻውን ምንም አይሠራም።

በዚያች ሌሊት ደረቁን ደቻቱ ተሻግሬ ቤቴ እንደ ገባሁ፣ ለዚያ ሰው እውነቱን የሚገልጥ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ በማግሥቱም ላክሁት። ይቅር ቢለኝ ደስታዬ ነው፤ ባይለኝም ፍርዱ የተገባ ነው።