መሠረቱ ሳይደፈን ይለካ

በደራ ወረዳ፣ አንበሳሜ ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው ከሁሉም የሚከብደው ቀን ሥራው አለቀ ተብሎ ሒሳብ የሚተሳሰብበት ነው። መጀመሪያ የተነገረው ዋጋ ሌላ፣ አሁን የሚጠየቀው ሌላ። ባለቤቱ «ተበላሁ» ይላል፣ ተቋራጩ «ከሰርሁ» ይላል፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱም የመሰላቸውን ነው የሚናገሩት። ነገሩ የሚበላሸው በጠቅላላ ድምሩ ላይ ስለሚከራከሩ ይመስለኛል። ከግምቱ በላይ የመጣው ገንዘብ ምንጩ አንድ አይደለም። ከፊሉን መሬቱ ያመጣዋል፣ ከፊሉን የባለቤቱ ትእዛዝ፣ ከፊሉን ገበያው። ለእያንዳንዱ ዕዳውን መሸከም ያለበት ሰው የተለየ ነው፤ ሳይለዩ «ግማሽ ግማሽ እንካፈል» ማለት አንዱን መበደል ነው።

ከመሬቱ እንጀምር፣ እኛ ዘንድ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነውና። በደራና በፎገራ ሜዳ ያለው ጥቁር አፈር በጋ ላይ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በላዩ የተቀመጠ ግድግዳም አብሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግንበኛው ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ መቆፈሩ ግዴታው ነው። ለምሳሌ የግድግዳዎቹ ርዝመት ተደምሮ 50 ሜትር የሚሆን ቤት እንውሰድ። የመሠረቱ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጥልቀቱ 1 ሜትር ይበቃዋል ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ ሲቆፈር 2 ሜትር ወረደ። ብልጫው 30 ሜትር ኩብ ቁፋሮ ነው፣ ያን የሚሞላ 30 ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብም ይከተላል፤ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ሲሚንቶው፣ የእጅ ዋጋው ሁሉ። ጉድጓዱ ክፍት ሳለ ይህን በሜትር ለክቶ ሁለቱም መፈረም የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ግንቡ ወጥቶ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ግን የሚቀረው የተቋራጩ ቃልና የባለቤቱ ጥርጣሬ ብቻ ነው።

ትልቁም ግንባታ ከዚህ አያመልጥም። የተከዜ ግድብ በ224 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ 360 ሚሊዮን ፈጅቷል። በ2000 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንሸራተት ለድጋፍ ግንብ ብቻ 42 ሚሊዮን ዶላር ያህል ጨምሯል። ይህ 42 ሚሊዮን ለብቻው በመቆጠሩ የመሬቱን ድርሻ ከሌላው ጭማሪ ነጥለን መነጋገር እንችላለን።

የባለቤቱ ትእዛዝ ቀላሉ ነው። «እዚህ መስኮት ጨምርልኝ»፣ «በረንዳውን ሰፋ አድርገው» ያለ ሰው መክፈል አለበት፤ ተቋራጩም ዋጋውን ሥራውን ሳይጀምር መናገር አለበት። ከባዱ ገበያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። በዚያ መካከል ፌሮ የሚገዛ ተቋራጭ ምን ያድርግ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1764 መልሱ ጠንከር ያለ ነው፦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውሉ አይለወጥም፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ። ቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ሰው ጭማሪውን በመጨረሻ ሒሳብ ላይ ሊደርበው አይገባም ማለት ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ክፍያ ሲያዘገይ ዋጋው ከናረ፣ የመዘግየቱን ብልጫ ተቋራጩ ላይ መጣል ፍትሕ አይመስለኝም። ይህን ለመለየት ደግሞ ገንዘቡ መቼ እንደተሰጠ፣ ዕቃው መቼ እንደተገዛ የሚያሳይ ደረሰኝ ያስፈልጋል።

«ከሰው ጋር እየኖርን ይህን ሁሉ መጻፍ አለመተማመን ነው» የሚሉ አሉ። እቁብና እድርስ? የምንተማመን ጎረቤታሞች ሆነን ሳለ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረበት በደብተር እንጽፋለን፤ ማንም ተጠረጠርሁ ብሎ አይቀየምም። «ሽማግሌ ይጨርሰዋል» የሚለውንም አከብራለሁ፤ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ይሻላል። ሆኖም ሽማግሌው ፊት የሚቀርብ ልኬት ከሌለ የሚቀረው ማግባባት ነው፤ ያኔ ብዙ የጠየቀው ብዙ ይዞ ይሄዳል፣ በልኩ የጠየቀው ይቀነስበታል።

ጊዜው አልፎ ወረቀት ሳይኖር ለተጣሉም መንገድ አለ። ባለቤቱ ያልተከራከረበትን ክፍያ በአስቸኳይ ይክፈል፤ የቀን ሠራተኞቹ ደመወዝ በሁለት ሰዎች ጠብ መታገት የለበትም። የቀረው በዝርዝር ይጻፍ፣ ከላይ የሚታየው ግድግዳና ወለል ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ባለሙያ ባለበት እንደገና ይለካ። የመሠረቱ ጥልቀት ካጠራጠረ ደግሞ ቤቱን ሳይነኩ በአንድ በኩል ከግንቡ ጎን ጠባብ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ድንጋዩ ስንት ሜትር እንደወረደ ሁለቱም ቆመው ማየት ይችላሉ፤ የቁፋሮውን ወጪ የተሳሳተው ወገን እንዲችል አስቀድመው ቢስማሙ፣ አንዳንዱ ጥያቄ ዶማ ሳይነሣ ይቀንሳል።