ከአክተሩ ኋላ የቆመው ሰው

በልጅነታችን ከሲኒማ ቤት ለወጣ ልጅ የምናቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «አክተሩ ማነው?» የሚል ነበር። አክተር ማለት ለእኛ ተዋናይ ማለት አልነበረም፤ ዋናው ሰው፣ የማይሞተው ሰው ማለት ነበር። ሌላው ሁሉ ከፈረስ ቢወድቅ፣ በጥይት ቢቆላ ግድ አልነበረንም። አክተሩ የሞተ እንደ ሆነ ግን የመግቢያ ገንዘባችንን እንደ ተበላን እንቆጥረው ነበር። ከኋላ ሆኖ ሻይ የሚጠጣውን፣ ገበያውን የሚያቋርጠውን ሰው አይቶ «ይህስ ማነው?» ያለ ልጅ ትዝ አይለኝም። ፊልም ሠሪዎች ይህን ሰው «ኤክስትራ» ይሉታል፤ ትርፍ እንደ ማለት ነው። እኔ አጃቢ ማለቱን እመርጣለሁ። አጃቢ ቢያንስ ከሰው ጋራ የሚሄድ ነው።

ስለ አጃቢ እንድጽፍ ያነሣሣኝ እዚሁ ካምፓችን ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የርዳታ ድርጅት ለገንዘብ ማሰባሰቢያ የሚሆን አጭር ፊልም ሊያነሣ መጥቶ ነበር። አንዲት ስመ ጥር የውጭ አገር ተዋናይ በቦኖው አጠገብ እያለፈች ትናገራለች፤ እኛ ከኋላዋ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። በዚያ ሰዓት ውሃ አይመጣምና ጀሪካኑ ባዶ ነው። ትእዛዙ ሁለት ነበር፤ ካሜራውን አትዩ፣ አትናገሩ። ተዋናይዋ መጣች። ከፊቴ የቆሙት እናት (ስማቸውን አልጽፍም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ) ሰው አጠገባቸው ደርሶ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። «እንደምን አደርሽ ልጄ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቱም ንግግሯን አቋርጣ፣ ዞራ ጨበጠቻቸው። አዘጋጁ «ካት!» ብሎ ጮኸ። ሁለተኛ ሲነሣ እናታችን ወደ ሰልፉ ጭራ ተወስደው ነበር።

ቀረጻው ካለቀ በኋላ ተዋናይዋ ራሷ ወደ ሰልፉ ጭራ ሄደች፤ ጀሪካን አጋድማ ተቀመጠችና ስማቸውን ጠየቀች። ከነአባታቸው ከነአያታቸው ነገሯት። አስተርጓሚው የመጀመሪያውን ብቻ አቀበላት።

«ሰላምታ የሚከለክል ምን ዐይነት ሥራ ነው?» እያሉ ሰነበቱ። ጥያቄያቸው አልለቅ ስላለኝ ስለ ፊልም ሥራ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ለካስ ክልከላው ሁሉ ትዕቢት አይደለም። ማይክሮፎኑ የሚፈልገው የአክተሩን ድምፅ ነው። በፊልም ላይ ቡና ቤት ሞልቶ ሲንጫጫ የምናየው ሕዝብ በቀረጻው ሰዓት ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ጫጫታው በኋላ ለብቻው ይጨመራል። ጭፈራም ቢሆን ብዙ ጊዜ ያለ ሙዚቃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የገንዘብ ነገር አለበት፤ አጃቢው አንዲት ዐረፍተ ነገር እንዲናገር ከተደረገ በማኅበሩ ደንብ መሠረት እንደ ተናጋሪ ተዋናይ ይከፈለዋል። እስከዚህ ድረስ ይገባኛል። የማይገባኝ ዝምታው ከካሜራው ፊት አልፎ ምሳ ሰዓትም ላይ ሲደርስ ነው። በብዙ ቦታ አጃቢው የሚያርፍበትና አክተሩ የሚያርፍበት ለየብቻ ነው፤ አጃቢ ቀድሞ አክተሩን ማናገሩም እንደ ድፍረት ይቆጠራል።

መለያየቱ ለሥራው የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ። በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በወጣው «ካፒቴን ፊሊፕስ» ፊልም ላይ አዘጋጁ ፖል ግሪንግራስ የባሕር ወንበዴ ሆነው የሚጫወቱትን አራት ሶማሌዎች ከቶም ሃንክስ ጋራ ሳያስተዋውቅ ቆየ። መጀመሪያ የተያዩት ጠመንጃ ይዘው ወደ መርከቡ መሪ ክፍል ሲገቡ፣ ካሜራው እየዞረ ነው። ከአራቱ አንዱ ባርካድ አብዲ ሞቃዲሾ ተወልዶ፣ ከጦርነቱ ሸሽቶ የመን የኖረ፣ ኋላም በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ሹፌር የነበረ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም። በሥራው ለኦስካር ታጨ። ይህን ዘዴ አልነቅፍም፤ ሰላምታው የተከለከለው ለሁለቱም ወገን ነበርና።

ልቤን የነካኝ ግን «ካዛብላንካ» ነው። ባለፈው ወር በአዳራሹ ሲታይ አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ። ታሪኩን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከጦርነት የሸሹ ሰዎች በአንድ ከተማ ተጠራቅመው የመውጫ ወረቀት ይጠብቃሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይጠብቃሉ። የተነሣው በ1942 በካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። አክተሩ ሃምፍሪ ቦጋርት አሜሪካዊ ነው። ስማቸው በፊልሙ ላይ ከተጻፈው ተዋንያን መካከል አሜሪካ የተወለዱት ግን ሦስት ብቻ ነበሩ። የናዚውን መኰንን ሆኖ የተጫወተው ኮንራድ ፋይት እንኳ ሚስቱ አይሁዳዊት ስለ ነበረች ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የወጣ ሰው ነው።

ጀርመኖቹ ሲዘፍኑ የፈረንሳይ ብሔራዊ መዝሙር የተነሣበትን ቦታ አስታውሱ። ሙዚቀኞቹ ወደ ቦጋርት ያያሉ፤ እሱ በራሱ ነቅነቅ ብሎ ይፈቅዳል። አክተሩ በዚያ ቦታ የሠራው ይህችኑ ብቻ ነው። የቀረውን የሠሩት ከኋላ ያሉት ናቸው። የበር ጠባቂውን ሆኖ የተጫወተው ዳን ሲሞር በኋላ እንደ ተናገረው፣ በዚያ ቀረጻ ላይ ቀና ቢል ከባልደረቦቹ ብዙዎቹ ሲያለቅሱ አየ፤ እውነተኛ ስደተኞች መሆናቸው የገባው ያን ጊዜ ነው።

እንባዋን እያፈሰሰች የምትዘምረው ማድሌን ለቦ ናት። ባሏ ማርሴል ዳልዮም በዚያው ፊልም ውስጥ አለ፤ ሩሌት አዟሪው እሱ ነው። ሁለቱ በ1940 ጀርመኖች ፓሪስ ሊገቡ ሲሉ ሸሽተው ሊዝቦን ደረሱ። ገንዘብ ከፍለው የቺሊ ቪዛ ገዙ፤ ሜክሲኮ ሲደርሱ ቪዛው የውሸት ሆኖ ተገኘ። (ይህን ስናነብ ጎረቤቴ «ደላላው ያኔም ነበረ!» ብሎ ሳቀ።) በመጨረሻ በካናዳ ጊዜያዊ ፓስፖርት አሜሪካ ገቡ። አሁን ልብ በሉ፤ ዳልዮ በአገሩ አክተር ነበር። በ1939 በወጣው በዣን ረኗር ፊልም «የጨዋታው ሕግ» ላይ የቤቱን ጌታ ማርኪውን ሆኖ የተጫወተው እሱ ነው። አገሩ በተያዘ ጊዜ ናዚዎች ፎቶግራፉን አይሁዳዊ መልክ ይህ ነው ብለው በግድግዳ ለጠፉት። «ካዛብላንካ» ላይ ግን ስሙ እንኳ አልተጻፈም።

ይህ ሰው ከቦጋርት ጋራ የሚገናኝበት ቦታ አጭር ነው። ወጣቱ ቡልጋሪያዊ ለመውጫ ወረቀት የቀረችውን ገንዘብ በቁማር ሲያስይዝ ቦጋርት ከኋላው መጥቶ 22 ቁጥርን ያመለክተዋል፤ ወዲያው ወደ ሩሌት አዟሪው ያያል። አዟሪው ነገሩ ገብቶታል። ሩሌቱ ሁለት ጊዜ 22 ላይ ያርፋል። በዚያች እይታ ሁለት አክተሮች እንደ ተያዩ የሚያውቅ ተመልካች በአዳራሹ ውስጥ ስንት ነበር? እኔ አላወቅሁም ነበር።

የወጣቶች ክበብ ፊልሙን ቅዳሜ ማታ በድጋሚ ያሳያል። ጀነሬተሩ ካልጠፋ፣ የሩሌቱን ጠረጴዛ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ተከታተሉት።