የአባባ ሞተርና የጋይንት ቁልቁለት

ከወረታ ተነስቶ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ ዛሬም በብዙ ሰው አፍ «የቻይና መንገድ» ነው። ቻይናውያን የሠሩት በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነበር። እኔ ይህን መንገድ ያወቅሁት በአባቴ ሞተር ብስክሌት የኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ ተቀምጬ፣ ጋቢ ተጠቅልዬ፣ ፊቴን ከጀርባቸው ደብቄ ነው። ደብረ ታቦርን አልፈን የጉና ግርጌ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይገባል። ክምር ድንጋይ ላይ ወርደን ቅቅል ድንች በአዋዜ እንበላና እንደገና እንጫናለን። ከዚያ በኋላ ነፋስ መውጫ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና ስም አውጪዋ አላጋነነም።

አባባ የግብርና ባለሙያ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቀበሌዎች ነው። ሞተራቸው ያማሃ ኤጂ 100 ናት። «ኤጂ» የሚለው ራሱ ግብርናን የሚያመለክት ነው። ካቴናዋ ጭቃ እንዳይገባበት ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት፣ ማቆሚያዋም በግራም በቀኝም ነው። ተዳፋት ላይ ሞተር አቁሞ የሚያውቅ ሰው የዚህ ነገር ጥቅም ይገባዋል። መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያስወግዳት አባባ ገዟት። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ከጓሮው ዳስ ሥር ቆመች፤ ዶሮዎችም መቀመጫዋ ላይ ማደር ጀመሩ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ አንድ ቀን ደውሎ «ያችን ቆርቆሮ ሽጧትና ለአባባ አዲስ እንግዛ» አለኝ። ስልኬ ላይ የላከው ፎቶ የሮያል ኢንፊልድ ክላሲክ 350 ነበር። መልኳ የድሮ፣ አካሏ የዛሬ ነው። ክብ መብራት፣ እንባ የመሰለ የቤንዚን ታንክ፣ የሚያብረቀርቅ ማርሚታ አላት። ኩባንያው በእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት መሥራት የጀመረው በ1901 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ዛሬ የሚመረተው ግን ህንድ ነው። እውነቱን ልናገርና ዓይኔ ሄዶ ቀረ።

አሮጌዋን ደብረ ታቦር ላለ አንድ መካኒክ አሳየሁት። ፈታቶ ሲያበቃ የቆጠራቸው ነገሮች ከፈራሁት ያነሱ ነበሩ። የደረቀ ፓራኦሊዮ፣ ያለቀ የፒስተን ፋሻ፣ አዲስ ካንዴላ፣ ጎማና ካላማዳሪያ። ፓራኦሊዮው ሲደርቅ ሞተሩ ከጎን አየር ይስባል፣ ይግላል፣ መጨረሻ ላይም ይነክሳል። እዚህ አገር ደግሞ ካርቡሬተሩ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ያጨሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠባብ መለወጥ ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ ወንድሜ ትክክል ነበር። አዲሷ ቤንዚኗን የምትመጥነው በኤሌክትሮኒክስ በመሆኑ ወረታም ሆነ ጉና ላይ ራሷን ታስተካክላለች። ፍሬኗም ጎማ እንዳይቆለፍ ይጠብቃል። የሽማግሌ ነገር ነውና ይህ ቀላል አይደለም። ኑሯችን ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ ያለ ክርክር አዲሷን እገዛ ነበር። ወገዳ ላይ ያ ኤሌክትሮኒክስ ቢበላሽ ግን በኮምፒዩተር የሚመረምረው ማን ነው?

አባባን ስጠይቃቸው ፎቶውን ረጅም ሰዓት አዩት።

«ስንት ኪሎ ትሆናለች?»

«195 አባባ።»

«የኔዋ ግማሿ ናት። ይችስ ጭቃ ላይ ብትወድቅብኝ ማን ያነሳታል? አንተ አዲስ አበባ ነህ፣ ወንድምህ አዲስ አበባ ነው።»

«እርስዎ ባይነዱስ?» አልኩ። ለወራት አፌ ላይ የነበረው ይህ ነበር። ከ70 ዓመት በላይ ናቸው፤ የቀኝ ዓይናቸው ደክሟል። ብጠግንላቸው ሊነዷት ነው፣ ባልጠግንላቸው ደግሞ ከዶሮዎቹ ጋር ትበሰብሳለች።

ዝም አሉ። ቆይተው «አንተ ንዳት፤ እኔ ከኋላ እሆናለሁ» አሉ።

ጠገንናት። ወንድሜ ተቀይሞ ለሁለት ሳምንት አልደወለም። መካኒኩ ቀለም ልቀባት ሲል አልፈቀድኩም፤ ታንኳ ላይ ያለው ስርጉድ እስቴ ላይ ስትወድቅ የተገኘ ነው፣ አባባም በእጃቸው ይዳብሱታል። ለውበት ሲባል ይህን መደፈን ለእኔ ጥገና አይደለም።

በመጀመሪያው ጉዟችን ነፋስ መውጫ ደርሰን ሻይ ጠጣን። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ቢቀጥሉ ጨጨሆ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚያ በኩል ነበር። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ፈጀባቸው። አባባ ይህን ሲተርኩ ሁልጊዜ የሚጨነቁት ስለ መንኮራኩሮቹ ነው።

እኛ ወደ ደቡብ፣ ወደ አርብ ገበያ ታጠፍን። ቁልቁለቱ ሲጀምር እኔ እንደ መኪና ጋዝ ዘግቼ በማርሽ ብቻ መውረድ ያዝኩ። የዚህች ሞተር ዘይት ግን ፒስተኑ ጋ የሚደርሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ጋዝ ተዘግቶ ብዙ ከተወረደ ይደርቅና ይነክሳል። ይህን የሚነግርህ ጽሑፍ የትም ቦታዋ ላይ አልተለጠፈም።

ከኋላዬ፣ ከጋቢው ውስጥ፣ አንድ እጅ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«ጋዝ ስጣት እንጂ፣ ልጄ! አልፎ አልፎ ጋዝ ስጣት!»