ያላስፈቀድነው ፍጥነት



በዚህ እትም የምናካፍላችሁ ባለፈው የሴሚስተር እረፍት እንፍራንዝ ላይ ያጋጠመንን ነው። «እኛ» የምንለው ሦስት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን ነው፤ አንዳችን የእንፍራንዝ ልጅ ነው። ጥፋታችን ስላለበት ዝም ብለን ልናልፈው አስበን ነበር። ግን ከመካከላችሁ የሰው ኮምፒውተር «እስቲ እዩልኝ» ተብሎ የሚሰጠው ብዙ ስለሆነ ይጠቅማል ብለን ጻፍነው።

ኮምፒውተሩ የአንድ ሐጂ ነው። እንፍራንዝ ላይ ሱቅ አላቸው፤ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ማጥኛ ሰጥተዋል። ብሔራዊ ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ልጆቹ ማውስ ሳይነኩ ፈተና እንዳይገቡ ብለው አዲስ አበባ ካለ ዘመዳቸው ያገለገለ ዴስክቶፕ አስመጡላቸው። አንድ ኮምፒውተር ለአሥራ አንድ ልጅ ነው። ተራው በደብተር ይያዛል፤ ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ይደርሰዋል። ከዚያች ግማሽ ሰዓት ላይ ግን ብዙው አንድ ፋይል እስኪከፈት በመጠበቅ ያልቅ ነበር።

ከጎንደር ተነስተን በማክሰኝት አድርገን እንፍራንዝ የደረስነው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ሐጂ ሻይ አስቀርበውልን፣ «ልጆቼ፣ ይሄ ነገር እንደ እኔ አርጅቷል መሰል፤ ይንቀራፈፋል አሉኝ። አቧራውን ጥረጉልኝ። ሌላ የሚነካ ነገር ካለው ግን መጀመሪያ ንገሩኝ፤ የልጆቹ ነገር ነው» አሉን።

«እሺ ሐጂ» አልን።

ከዙህር በኋላ ገመዱን ነቅለን፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነን የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጥተን ክዳኑን ከፈትን። የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ በአቧራ ተደፍኗል። በፕሮሰሰሩና ሙቀቱን በሚስብለት ብረት መካከል ያለው ፔስት ደርቆ ተፈርፍሯል። ጠረግን፤ ይዘን የመጣነውን አዲስ ፔስት ቀባን። ሥራ ሲበዛበት 81 ዲግሪ ይደርስ የነበረው ሙቀት ወደ 56 ወረደ። የተጠየቅነው ሥራ እዚህ ላይ አልቆ ነበር።

ግን ክዳኑ እንደተከፈተ የማዘርቦርዱን ማንነት ማወቅ አማረን። የማዘርቦርድ ሞዴል ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ፣ በካርድ ማስገቢያዎቹ መካከል ወይም በሚሞሪው አጠገብ ታትሞ ይገኛል። ክዳን ሳይከፍቱ ለማወቅ ደግሞ ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሠሪውን፣ ሞዴሉን፣ የባዮሱን ቅጂና የሚሞሪውን ዓይነት ዘርዝሮ ያሳያል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር ቱ ዱዎ ኢ4500 ነበር። የዚህ ፕሮሰሰር ፍጥነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ ከማዘርቦርዱ የሚመጣው የ200 ሜጋኸርዝ ምት በ11 ሲባዛ 2.2 ጊጋኸርዝ ይሆናል። 11ዱ ከፍ እንዳይል ተቆልፏል፤ 200ው ግን ቦርዱ ከፈቀደ ይጨምራል። ኦቨርክሎክ ማድረግ የሚባለው ይኸው ነው።

ለቢሮ ተብለው በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ባዮስ ውስጥ ይህን ቁጥር የመቀየሪያ ቦታ ብዙ ጊዜ የለም። ይህም አልነበረውም። ሌላው መንገድ ሴት-ኤፍኤስቢ የተባለ ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ምቱን የሚያመነጨውን ቺፕ ራሱን ያዘዋል። ለዚህ የቺፑን ስም በትክክል ማወቅ ግድ ይላል፤ ከተሳሳቱ ኮምፒውተሩ እዚያው ስታክ ሊያደርግ ይችላል። ቺፑ ያለው 14.318 ተብሎ ከተጻፈባት ትንሽ ብርማ ክሪስታል አጠገብ ነው። በስልክ ካሜራ አጉልተን ቁጥሩን አነበብን፤ ከፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥም አገኘነው። ያን ጊዜ የተሰማንን ደስታ ኮምፒውተር የነካካ ሁሉ ያውቀዋል።

ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ፣ ከእኛ አሥር እርምጃ ርቀው ተቀምጠዋል። ተነስቶ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። «ሲፈጥን ሲያዩት ይደሰታሉ» ተባባልን። ኒያችን ልጆቹን መርዳት ነው አልን። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ይልቅ የተቆለፈ ነገር መክፈት መቻላችንን ማየት ፈልገን ነበር።

210 አደረግነው፤ ሠራ። 220 አደረግነው፤ ሠራ። 225 ላይ ፕሮሰሰሩ 2.475 ጊጋኸርዝ ደረሰ፤ የ12.5 በመቶ ጭማሪ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የተቀየረው ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ስለሚሰረዝ፣ ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር ፕሮግራሙ በራሱ እንዲቀይረው አድርገን ለዐስር ሰላት ወጣን።

ስንመለስ ተረኛዋ ልጅ ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብላለች፤ ኮምፒውተሩ ስታክ አድርጓል። አጥፍተን ስናስነሳው ዊንዶውስ ገብቶ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደገና ስታክ አደረገ። ሦስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ያላሰብነው፣ ምቱ ሲጨምር የሚፈጥነው ፕሮሰሰሩ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሚሞሪውም ከዚያው ምት ጋር ታስሯል። በ667 እንዲሠራ የተመረተው ዲዲአር ቱ ሚሞሪ፣ እኛ ሳናየው 750 ላይ እየሮጠ ነበር። ፕሮሰሰሩ ቻለ፤ ሚሞሪው አልቻለም። ሚሞሪ ሲሳሳት ደግሞ ወደ ዲስክ የሚጻፈውም ሊበላሽ ይችላል።

ኤፍ8 ተጭነን በሴፍ ሞድ ገባን። እዚያ በራሳቸው የሚነሱ ፕሮግራሞች ስለማይነሱ ሴት-ኤፍኤስቢን አውጥተን ጣልነው። ኮምፒውተሩ ዳነ። አንድ ፋይል ግን አልከፈት አለ። ልጅቱ ለሁሉም እንዲሆን ብላ፣ ለሦስት ሳምንት በተራዋ እየተቀመጠች ከደብተሯ የገለበጠችው የባዮሎጂ ጥያቄ ነበር። ምንም አላለችም፤ ደብተሯን ይዛ ወጣች።

ከመግሪብ በፊት ከእኛ አንዱ «ስለቆየ ተበላሸ ብንላቸውስ?» ብሎ ነበር። ብንል ሐጂ ያምኑን ነበር፤ ያስፈራንም እሱ ነው። ከሰላት በኋላ ሄደን ሁሉንም ነገርናቸው። ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና «እኔ ያልኳችሁ አቧራ ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ማሽኑስ ማሽን ነው። የልጅቱን ልፋት ምን ልታደርጉት ነው?»

ሐጂ በአባቷ በኩል ደብተሯን አስላኩልን። ሁለት ሌሊት እየተፈራረቅን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መልሰን ጻፍን፤ ቅጂውንም በፍላሽ አድርገን ሰጠናት።

ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ሐሙስ ማድረግ የነበረብንን አደረግን፤ ጠየቅን። «ሐጂ፣ ለዚህ ኮምፒውተር ያነሰው ሚሞሪ ነው፤ ቢፈቅዱልን እንጨምርለት» አልናቸው። የማዘርቦርዱን ማንነት ማወቃችን የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት የሚሞሪ ማስገቢያ እንዳለው፣ አንዱ ባዶ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት እንደሚቀበል የነገረን እሱ ነው። 1 ጊጋባይት ብቻ ስለነበረው ዊንዶውስ 7 የጎደለውን ከሃርድ ዲስኩ እየተበደረ ነበር የሚሠራው። ፕሮሰሰሩን ብናፈጥነውም ዲስኩን ቆሞ ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው አልነበረም። ፈቀዱልን። ጎንደር ስንመለስ ያገለገለ ባለ 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ገዝተን ላክን፤ የእንፍራንዙ ወንድማችን ገጠመላቸው። ሐጂም ደውለው «አሁን እንኳ ሮጠ» አሉን። የሚሮጠው በዚያው በ2.2 ጊጋኸርዝ ነው።

በራሳችሁ ኮምፒውተር ይህን መሞከር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ቁጥሩን ጥቂት በጥቂት ጨምሩ፤ በየደረጃው ሙቀቱንና የሚሞሪውን ፍጥነት ተመልከቱ፤ ለሰዓታት ያለ ስህተት መሥራቱን ሳታዩ በራሱ እንዲነሳ አታድርጉ። የሰው ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። እኛ አማና ማለት ዕቃውን ሳይሰበር መመለስ ብቻ ይመስለን ነበር። ሐጂ «አቧራ» ሲሉን ወሰኑን ነግረውን ነበር፤ ያንን ማለፋችን ኮምፒውተሩ ምንም ሳይሆን ቢቀር እንኳ ጥፋት ነበር።

አሥራ አንዱ ልጆች ለፈተናቸው እየተዘጋጁ ነው። በዱዓችሁ አትርሷቸው።